ገልብጪው ብያለሁ!

የዘንድሮ ሙሽሮች ልብስ መገልበጥ ረስተዋል። ከፊት ያዩታል፣ ከኋላ ያዩታል፣ ስልካቸውን አውጥተው ከላይም ከታችም ያነሱታል፤ ውስጡን ግን የሚያይ የለም። እኔ ዕድሜዬን ፒያሳ ቬሎ ስሰፋና ሳከራይ የኖርኩ ሴት ነኝ። የልብስ ውጩ ለሠርገኛ ነው፣ ውስጡ ለገዢ። ይህን መስማት የነበረባት የልጄ ልጅ ናት፤ እሷ ግን ሁለት ጆሮዋን በነጭ ነገር ወትፋ ስለምትውል ለእናንተ ልንገራችሁ።

ልጅቱ የምታገባው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እሰይ ብለናል። ልጁም ጨዋ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲያናግረው ስልኩን ኪሱ ይከታል። ጣጣው የመጣው በቬሎው ነው። አዲስ አልፈልግም አለች። አዲስ ልብስ ምድርን ይበክላል፤ ደግሞም ሁሉም ሙሽራ አንድ ዓይነት ስለሚለብስ፣ እኔ ሌላ ሰው የለበሰውን አልለብስም አለች። እሺ፣ ምን ልትለብሺ ነው? ሌላ ሰው የለበሰውን! ከስድሳ ሰባ ዓመት በፊት ያገባች፣ ስሟን የማናውቃት፣ ትኑር ትሙት የማናውቃት አሜሪካዊት የለበሰችውን።

እንግዲያው የኔ ቬሎ አለልሽ፤ አዲስ አበባ ሳጥኔ ውስጥ ነው፣ እህቴ መንገደኛ ፈልጋ ትልክልናለች አልኳት። አፍንጫዋን ሸብሸብ አድርጋ፣ «እማማ፣ እሱ እኮ አሮጌ ነው፤ ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል» አለችኝ። የባዳ ላብ የነካው ቅርስ፣ የአያቷ ላብ የነካው አሮጌ! ዝም አልኩ። ዝም አልኩ ማለት እንግዲህ ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ በስልክ ልትገዛው ነበር። ፎቶዎቹን አሳየችኝ፤ ቀሚሱ አትክልት መሀል ቆሟል፣ በመስኮት ዳር ተንጠልጥሏል፣ ወንበር ላይ ተነጥፏል። አንዱም ፎቶ ላይ ክንዱ አልተነሣም። ብብቱን አሳዩኝ ብለሽ ጻፊላቸው አልኳት። ለማያውቁት ሰው ብብት አሳየኝ ብሎ መጻፍ ነውር ነው አለች። ውስጡን ላላየችው ልብስ፣ ያውም ለማይመለስ ልብስ፣ 500 ዶላር መላክ ግን ነውር አልሆነባትም። እኔም ቦርሳዬን አነሣሁ፤ ሜትሬን፣ መነጽሬንና ትንሿን መቀሴን ከተትኩና ተነሺ አልኳት።

ለነገሩ የዚህ ሁሉ ጣጣ ባለቤት የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ነገሩ የነሱ ነው።) በ1840 አልበርትን ስታገባ ነጭ የሐር ሳቲን በሆኒተን ዳንቴል አድርጋ ለበሰች። ከሷ በፊትም ነጭ የለበሱ ነበሩ፤ ብዙዋ ሙሽራ ግን ያላትን ደህና ቀሚስ፣ ሰማያዊም ይሁን ቡናማ፣ ለብሳ ታገባና ለሌላም በዓል ትደግመው ነበር። ንግሥቲቱ ነጭ ስትለብስ ሀብታሞቹ ተከተሏት፣ ቆይቶም ሁሉም ተከተለ። ነጭ ደግሞ ገመና አይሸፍንም። የኛም ጥበብ ነጭ ነው ትሉኝ ይሆናል። እሱማ ጥጥ ነው! ይታጠባል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ይታጠናል፣ ለሚቀጥለው ጥምቀት ይደርሳል። የፈረንጅ ሐር በአንዲት ጠብታ ውሃ ያኮርፋል፤ ጠብታዋ ያረፈችበት ቦታ ምልክት ሆኖ ይቀራል።

የመጀመሪያው ሱቅ ገና በሩ ሲከፈት የላቬንደር ሽታ ተቀበለን። ሽቶ የበዛበት የልብስ ቤት የሚደብቀው ሻጋታ አለው፤ ሻጋታ ደግሞ በሽቶ አይወጣም። ቀሚሶቹ መስኮት ላይ ፀሐይ ፊት ለፊት ተሰቅለዋል። ፀሐይ ሐርን እንደሚያደርቀው፣ ከባድ ቬሎ ተንጠልጥሎ ሲከርም በገዛ ክብደቱ ትከሻው ላይ እንደሚቀደድ የነገራቸው የለም። ባለሱቋ አንዱን አወረደችና «የሃምሳዎቹ ነው» አለች። እጅጌው ረጅም፣ ወገቡ ቀጭን፣ ከታች ሰፊ። የልጄ ልጅ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ገልብጪው አልኩ።

«እማማ፣ እባክሽ» አለችኝ በአማርኛ፤ ባለሱቋን ደግሞ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀች። ራሴ ገለበጥኩት። ጎን ስፌቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ምልክት ተሰፍታለች፤ የአሜሪካ የሴቶች ልብስ ሠራተኞች ማኅበር ምልክት ናት። ማኅበሩ አባላቱ በሰፉት ልብስ ላይ ምልክቱን ያሰፋ ነበር፤ መልኳንም በየጊዜው ስለለወጠ ለኛ ለገልባጮች ዕድሜ መቁጠሪያ ሆነችን። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የሆነችው በ1974 ነው፤ በ1995 ማኅበሩ ከሌላ ጋር ተዋሐደና እሷም ቀረች። ፊቴ ያለችው ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ናት። አጠገቧ እንዴት እንደሚታጠብ የሚናገር ጨርቅ አለ፤ እሱን ልብስ ላይ መስፋት እዚህ አገር ግዴታ የሆነው በ1972 ነው። ጨርቁ መቶ በመቶ ፖሊስተር፣ ዚፑ ናይለን። «የሃምሳዎቹ» የተባለው ቀሚስ ሲሰፋ እኔ ሁለት ልጅ ወልጄ ነበር!

ባለሱቋ አልደነገጠችም። «ስታይሉ የሃምሳዎቹ ነው ማለቴ ነው» አለች። የኔም ስታይል የሃያ ዓመት ነው በያት አልኩ። ልጅቱ አልተረጎመችልኝም። ክብሪት አላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅማ ጭራሽ እጄን ይዛ አወጣችኝ። ሰው ክብሪት የሚጠይቀው ለማቃጠል ብቻ ይመስላቸዋል፤ የክብሪቱን ነገር እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ሱቅ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ቀሚሱ እውነተኛ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሰፋ፣ ንጹሕ ሐር፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ። ልጅቱ መንኮሻኮሹን ስትሰማ ፈገግ አለች፤ እኔ መንኮሻኮሹን ስሰማ ወገቤን ያዝኩ። ሐር ከትሉ ሲወጣ ሙጫ አለው፤ ሙጫው ሲታጠብ ከክብደቱ እስከ ሩቡ ድረስ ይሄዳል። ሐር ደግሞ በሚዛን ነበር የሚሸጠው። የዚያ ዘመን ነጋዴ ምን አደረገ? የጎደለውን ሚዛን በቆርቆሮና በብረት ጨው ሞላው፤ አንዳንዱም ከጎደለው በላይ ጨመረበት። ቅቤ ላይ ሙዝ፣ በርበሬ ላይ ሸክላ የሚደባልቀው የኛው ሰውዬ ፈረንጅ አገር ቢወለድ ሐር ነጋዴ ይሆን ነበር። ጨው የጠጣ ሐር ለሠርጉ ቀን ይከብዳል፣ ያምራል፤ ዓመት በሄደ ቁጥር ግን ክሩ ያልቃል። የታጠፈበትን መስመር ይዞ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል፤ ልስፋው ስትዪ መርፌው በገባበት አዲስ ስንጥቅ ይከፈታል። መድኃኒት የለውም። ሙዚየም ከኋላው ጨርቅ ደግፎ ያስተኛዋል፤ ለብሰሽው ቁጭ ብትዪ ግን ቅዳሴው ሳያልቅ ቀሚሱ ያልቃል።

ባለሱቁ «ትንሽ መሰንጠቅ አለው፣ ይጠገናል» አለ። ከሱ አጠገብ የሃያዎቹ ቀሚስ ተሰቅሏል፤ ከላይ እስከ ታች ፈርጥ በፈርጥ። የዚያ ዘመን ፈርጥ ብዙው ከጄላቲን የተሠራ ነው፤ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፣ ሙቀት ሲያገኘው ይጣበቃል። የሐምሌ ሠርግ! ያውም በሜሪላንድ ወበቅ! ሙሽራው አቅፏት ፎቶ ቢነሣ የሚላቀቁ አይመስለኝም።

ሰውየው ተስፋ አልቆረጠም። ከጓዳ ሌላ አመጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ከፓራሹት የተሰፋ ነው» አለ። የልጄ ልጅ ትንፋሿ ቀጥ አለ። የፓራሹት ቬሎ መኖሩ ውሸት አይደለም። ዋሽንግተን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አንድ አለ፤ ክሎድ ሄንሲንገር የሚባል የቢ-29 አብራሪ በነሐሴ 1944 ቻይና ላይ ከሚቃጠል አውሮፕላን የዘለለበት ነው። ሌሊቱን ፓራሹቱን ተንተርሶም ለብሶም አደረ፤ አገሩ ሲመለስ ለእጮኛው ቬሎ ስፊበት ብሎ ሰጣት፣ በ1947 ተጋቡበት። በኋላ ሴት ልጃቸውም የወንድ ልጃቸውም ሙሽራ ለብሰውታል። (እዚህ ላይ ለልጅቱ፣ አየሽ፣ የናቱን ቬሎ የማይንቅ ቤተሰብም አለ አልኳት። መስኮቱን አየች።) ግን ናይለን ሁሉ ፓራሹት ነው እንዴ? የፓራሹት ቁራጮች ወደ ጫፍ እየጠበቡ የሚሄዱ ሦስት ማዕዘኖች ናቸው፤ ከነሱ የተሰፋ ቀሚስ የድሮው ስፌት ሰያፍ ሰያፍ እያለ ይታይበታል፣ ወይም የመርፌው ቀዳዳ መስመር ይቀራል። ገልብጪው አልኩ። ስፌቱ ቀጥ ያለ የፋብሪካ ስፌት ነው፤ ሰያፍ የሚባል የለበትም። ሰውየው አያቴ ነግራኝ ነው አለ። አያቱን አልከሰስኩም።

ሰው ልብስ መሸጥ ትቶ ተረት መሸጥ ጀምሯል፤ የኔም ልጆች ተረት ለብሰው ሊያገቡ ይፈልጋሉ። ፒያሳ ሳለሁ ቬሎ ልትከራይ የመጣች ልጅ አንድም ቀን ይሄን ማን ለብሶት ነበር ብላ አልጠየቀችኝም። እንዲያውም እንዳልነግራት ነበር የምትፈልገው።

ሦስተኛዋ ባለሱቅ እንደኔው ያረጀች ነች። ምርኩዝ ይዛለች፣ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ቀሚሱን ከካርቶን፣ ከነጭ ስስ ወረቀት መሀል አወጣችው፤ ላስቲክ አልነካውም። እኔ አፌን ሳልከፍት ራሷ ገለበጠችው። ልጅቱ ሁለታችንን አፈራርቃ አየችን፤ ምናልባት ተስፋ የቆረጠችው ያኔ ነው።

ይህቺ ሴት አንድ ነገር አልደበቀችም። የማኅበሩ ምልክት ላይ የሁለቱ ትልልቅ የሠራተኛ ማኅበራት ስም ተጣምሮ አለ፤ የተዋሐዱት በ1955 ስለሆነ ቀሚሱ ከዚያ አይቀድምም። ጨርቁ ከምን እንደተሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ የለውም፤ እሱ በሕግ የተገደደው በ1960 ነው፣ ስለዚህ ከዚያም ብዙ አይርቅም። ዚፑ ብረት ነው፤ ስባ አሳየችን፣ ዝገት የለውም። መንጠቆዎቹ ሥር ግን ሁለት ቦታ ዝገት ጨርቁን ነክቶታል። «አይቮሪ ነው?» አለች ልጅቱ። ሴትየዋ የስፌቱን ትርፍ ገለጥ አድርጋ አሳየቻት፤ ብርሃን ያላየው ጨርቅ ነጭ ነው። አይቮሪ ሆኖ አልተወለደም፣ ቢጫ ሆኖ አረጀ። ከዚያ መስኮት ዘንድ ወስደን ሁለታችን ጫፍና ጫፉን ይዘን ዘረጋነው፤ ብል የበላው ወይም የሳሳ ቦታ ካለ በብርሃን ነው የሚታየው። ደህና ነው። ሁለት ነጥብ ብቻ፣ እነሱም ከኋላ።

ከምኑ ነው ስላት ራሷ መቀስ አነሣች፤ ከትርፉ ሁለት ክር መዘዘችና መኪና ማቆሚያው ወጥተን ለኮስናት። ክብሪቱ ለዚህ ነው። ሐር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ይደቅቃል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ይኼኛው ቀለጠ፤ ሽታው ኮምጣጤ። አሲቴት ነው። ልጅቱ ሐር ባለመሆኑ ከፋት፤ እኔ ደስ አለኝ። ግን ሰምታችሁ እንዳትስቁ፦ አሲቴት በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሟሟል። አሴቶን አንዲት ጠብታ ካረፈችበት ቀዳዳ ነው የምትከፍተው። የልጄ ልጅ ደግሞ ጥፍሯን በየሳምንቱ የምትቀባ፣ የምትፍቅ፣ እንደገና የምትቀባ ናት።

ፊቱ ላይ ከደረቱ በታች ቡናማ ጠብታዎች አሉ። እዚህ ላይ ማንም አያስተምረኝም። ሻምፓኝ ሲደፋ ምንም አይታይም፣ ይደርቃል፣ ሁሉም ይረሳዋል። ስኳሩ ግን ጨርቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ዓመት ይቆጥርና ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ላውንደሪም በደረቅ እጥበት አያወጣውም፤ ስኳር የሚሟሟው በውሃ እንጂ በነሱ ፈሳሽ አይደለም። እኔ ይህን በጠጅ ተምሬዋለሁ። ቬሎ የተከራየች ሙሽራ «ንጹሕ ነው እትዬ፣ አልነካሁትም» ብላ ትመልሳለች፤ ነጭ ነው፣ አምናት እቀበላለሁ። በሌላው ዓመት ጥር ላይ ሳወጣው ማሩ ቀልቶ፣ የየትኛዋ ሠርግ እንደሆነ እንኳ የማላውቀው ጠብታ ደረቱ ላይ ተሰልፎ አገኘዋለሁ። ብብቱም እንደዚያው፤ ላብ መጀመሪያ ቢጫ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ጨርቁን ያደርቀዋል። በጣቴ ጨበጥ አደረግሁት። ደርቋል፣ ግን አልተበጠሰም።

«ይታጠባል?» አለች ልጅቱ። ሴትየዋ መልሱን ለኔ ተወችው። አንቺ፣ በቀላሉ የሚታጠብ ቢሆን ይህቺ ሴት አጥባ በእጥፍ አትሸጠውም ነበር? የሚሸጡልሽን ልብስ ዛሬ እንዳለ ልትለብሺው እንደሆነ አስበሽ ክፈይ፤ እድፉ ቢለቅ ትርፍሽ ነው። ሴትየዋ ሳቀች። 420 ብላ የጠራችውን፣ ብብቱንና ሻምፓኙን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ 300 አደረስኩት። ዝገቱን ስቆጥር ግን እጇን አነሣች፤ እሱን ከመጀመሪያው ቀንሼልሻለሁ አለች። አከበርኳት።

ያኔ ልጅቱ ቁጥሩን አየች። 14 ይላል። እሷ 8 ናት። አለቀሰች፤ ግድግዳ ተደግፋ፣ እውነተኛ እንባ። የዱሮ ቁጥር ቁጥር አይደለም እያልኩ መማል ነበረብኝ። በ1958 የአሜሪካ መንግሥት ለሴቶች ልብስ የቁጥር ደረጃ አውጥቶ ነበር፤ በ1983 አነሣው። ባለፋብሪካዎቹ ሴት ትንሽ ቁጥር ስታይ ቦርሳዋን እንደምትከፍት ስላወቁ ልብሱን እያሰፉ ቁጥሩን እያሳነሱ እዚህ ደረሱ። የያኔው 14 ከዛሬው 8 አይሰፋም። ሜትሬን አውጥቼ ደረቷን፣ ወገቧን፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ ለካሁ፤ ከዚያ ቀሚሱን ለካሁ። ወገቡ ይጠባል። የዚያ ዘመን ሴቶች ወገባቸውን በላስቲክ ጠፍረው ነው የሚለብሱት፤ የልጄ ልጅ ደግሞ እንጀራዋን ትወዳለች። ደግነቱ የዱሮ ሰፊ ለጨርቅ አይሰስትም፣ ስፌቱ ውስጥ የሚለቀቅ ትርፍ አለ።

ለበሰችው። አማረባት፤ እሱን አልክድም። መስታወት ፊት ቆማ ስልኳን ልታወጣ ስትል ያዝኳት። ክንድሽን አንሺ። አነሣች። ተቀመጪ። ተቀመጠች። አሁን እስክስታ ምቺ።

«እዚህ?»

እዚህ! ይህ ቀሚስ የተሰፋው ኬክ ቆርሳ፣ ከባሏ ጋር ቀስ ብላ ተሽከርክራ ቤቷ ለምትገባ ሙሽራ ነው። እጅጌው ጠባብ፣ ትከሻው የተጣበቀ። አንቺን ግን አጃቢዎችሽ መሀል አስገብተው እስከ እኩለ ሌሊት ትከሻሽን ያራግፉታል። መታች። ሴትየዋ ምርኩዟን ይዛ ቆማ ታያለች። በሁለተኛው ንቅናቄ ቀኝ ብብቷ ጠርር አለ። ልጅቱ ጮኸች፣ ባለሱቋ ጮኸች፤ እኔ መነጽሬን አድርጌ ገባሁ። የተበጠሰው ክሩ ነው፤ ጨርቁ ደህና ነው። ክር ከሆነ እሰየው፤ የስድሳ ሰባ ዓመት የጥጥ ክር መበጠስ መብቱ ነው። ጨርቁ ቢቀደድ ኖሮ አውልቂና እንሂድ ነበር የምላት። በዚያች ጠርር ላይ ሌላ 20 ዶላር አስቀንሻለሁ። ባለሱቋ አጉረመረመች፣ ግን ፈገግ አለች መሰለኝ፤ ያለችውን ልጅቱ እንደ ልማዷ አልተረጎመችም።

አሁን ቀሚሱ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አንሶላ ተነጥፎለት ተኝቷል፤ እኛ የምንበላው ቆመን ነው። ከቅምቅማቱ ውስጥ ጨርቅ ቆርጬ ሁለቱም ብብት ሥር ቁራጭ እየጨመርኩ ነው፣ ክንድ እንዲነሣበት። እናቷ መጣችና በፕላስቲክ ከረጢት እንሸፍነው አለች፤ አባረርኳት። ልጅቱ በየምሽቱ «እማማ፣ አላለቀም?» ትለኛለች። ዓይን የለኝም፣ ጉልበት የለኝም፣ ክሩን የምታስገባልኝም እሷ አይደለችም፤ የዘጠኝ ዓመት ወንድሟ ነው፣ እሱም በአንድ ክር አንድ ዶላር ያስከፍለኛል።

ለሠርጉ ትእዛዜን ግን ከአሁኑ ሰጥቻለሁ። አሴቶን እቤት አይገባም። ሻምፓኙ ይከፈት፣ ግን ሌላ ጠረጴዛ ላይ። ጠጅ ለመልሱ ቀን፣ ያውም ጥበቧን ከለበሰች በኋላ፤ ጥበቧ ይታጠባል። ዲጄው እስክስታ ሁለት ዘፈን ብቻ፣ ከዚያ ጉሮሮዋን ታርጥብ፣ ብብቷን ልይ። ጉራግኛ ከመጣ ሙሽራዋ ቁጭ ትበል፤ እጁም እግሩም የሚሄድበት ጭፈራ ነው፣ የኔ ስፌት ቢችል የሃምሳዎቹ ጨርቅ አይችልም። ሁሉም እሺ ብለውኛል። ሙሽራው ብቻ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ የእናቱ ወገን ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ጉራጌ ነው።